ልምሻው ከየት መጣ? የቫይረስ ዘረመል የሚሰጠው ምስክርነት

ትናንት በግቢ ውስጥ ሲሮጥ የዋለ ሕፃን ትኩሳት ይዞት ያድርና በጥቂት ቀናት ውስጥ አንድ እግሩ አልታዘዝ ቢለው በመንደሩ ውስጥ መጀመሪያ የሚነሣው ጥያቄ ምንድን ነው? በሰቆጣ ዙሪያ በሚገኙት የዋግ ኽምራ ደጋማ ቀበሌዎችም ሆነ በሌላው የአገራችን ክፍል ጥያቄው ተመሳሳይ ነው፦ ማን ለከፈው? ማን ረገመው? ቤተሰቡስ ምን በድሎ ነው?

ይህ ጥያቄ አዲስ አይደለም። ደቀ መዛሙርቱም ዕውር ሆኖ የተወለደውን ሰው ባዩ ጊዜ የጠየቁት ይህንኑ ነበር (ዮሐ. 9፥1-3)። ጌታ ግን ጥፋተኛ ፍለጋውን አልተቀበለውም፤ ሰውየውንም ወላጆቹንም ከዚያ ክስ ነጻ አወጣቸው። እኛ ግን ይህን ክፍል በየጊዜው እየሰበክን፣ ልጁ የለመሸበትን ቤተሰብ በጎን እያየን የምናልፍበት ጊዜ ጥቂት አይደለም።

በዘመናችን «ልምሻው ከየት መጣ?» ለሚለው ጥያቄ በግምት ሳይሆን በማስረጃ መልስ መስጠት የሚቻልበት መንገድ ተገኝቷል። ይኸውም በሽታውን ያመጣውን ቫይረስ ዘረመል ማንበብ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ይህ ንባብ እንዴት እንደሚሠራ፣ በአገራችን ምን እንዳሳየን፣ ከቤተ ክርስቲያን ምእመናንስ ምን እንደሚጠበቅ በቀላል ቋንቋ ማስረዳት ነው።

ልምሻ ምንድን ነው?

በተለምዶ ልምሻ ወይም የልጅነት ልምሻ የምንለው በሽታ በአብዛኛው ፖሊዮ ነው። መነሻው በዓይን የማይታይ ቫይረስ ሲሆን፣ የሚተላለፈውም ቫይረሱ ካለበት ሰው ሰገራ በውኃ፣ በምግብና በእጅ አማካይነት ወደ ሌላው ሰው አፍ በመግባት ነው። በአንጀት ውስጥ ይራባል፤ አብዛኛውን ጊዜም ምንም ምልክት ሳያሳይ ወይም ቀላል ትኩሳት አሳይቶ ያልፋል። በቫይረሱ ከተያዙ 200 ሰዎች መካከል ግን በአንዱ ላይ ወደ ነርቭ ይዘልቃል። በጀርባ አጥንት ውስጥ በሚያልፈው ኅብለ ሰረሰር ላይ ያሉትን፣ ጡንቻን የሚያዝዙትን የነርቭ ሕዋሳት ይገድላል። ትእዛዝ የሚሰጠው ሕዋስ ሲሞት ጡንቻው ይዝላል፣ ይመነምናል። ከሚለምሹት መካከል ከ5 እስከ 10 በመቶ የሚሆኑት የመተንፈሻ ጡንቻቸው ስለሚደክም ይሞታሉ።

እዚህ ላይ ልብ በሉ! አንድ ልጅ ሲለምሽ ቫይረሱን ይዘው ምንም ያልታመሙ ወደ 200 የሚጠጉ ሰዎች በአካባቢው ሊኖሩ ይችላሉ። ስለዚህ የለመሸው ልጅ የሚታየው ምልክት ነው፤ ዋናው ነገር ግን ሳይታይ በመንደሩ ውስጥ እየተዘዋወረ ነው። ልጁ ከሌሎች ይልቅ የተረገመ ሳይሆን በሁሉም ደጃፍ ያለፈው ነገር በእርሱ ላይ የታየበት ነው።

ይህ በሽታ በአገራችን ምን ያህል ተስፋፍቶ እንደነበር ከአንድ ታዋቂ ጥናት መረዳት ይቻላል። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በ1980ዎቹ በቡታጅራ አካባቢ ቤት ለቤት እየዞሩ ከ60 ሺህ በላይ ሰዎችን መርምረው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1990 አሳትመዋል። ከ100,000 ሰዎች መካከል 520 የሚጥል በሽታ ያለባቸው፣ 240 ደግሞ በፖሊዮ የለመሹ ሆነው ተገኙ። በእርጅና የሚመጣው የፓርኪንሰን በሽታ የታየው ግን በ7 ብቻ ነበር። ነርቭን ከሚጎዱ በሽታዎች መካከል በገጠሩ ሕዝባችን ላይ ከባዱን ሸክም ከጫኑት አንዱ ይህ ቫይረስ ነበር ማለት ነው።

ይሁን እንጂ እግር የሚያሰንፍ ሁሉ ፖሊዮ አይደለም። በወሎ፣ በጎንደርና በጎጃም ደጋዎች ዝናብ ሲጠፋ ሰው በጓያ ብቻ ለመኖር ይገደዳል። ጓያን ለወራት ዋና ምግቡ ያደረገ ሰው በውስጡ ባለው መርዛማ ንጥረ ነገር ምክንያት ሁለት እግሮቹ ሊሸበቡ ይችላሉ። በ1990ዎቹ አጋማሽ ከደረሰው ድርቅ በኋላ በሰሜን ወሎ በደላንታና ዳውንት ብዙ ሰዎች በዚህ ተጎድተዋል። የጓያው ሽባነት ሁለቱንም እግሮች የሚያደርቅና የሚያስር ነው፤ የፖሊዮው ግን ድንገት የሚያዝል፣ ብዙውን ጊዜም አንዱን እግር ለይቶ የሚያለመልም ነው። ሁለቱን በትክክል መለየት የሚቻለው ግን በጤና ባለሙያና በላቦራቶሪ ምርመራ እንጂ በእኛ ግምት አይደለም።

ዘረመልን ማንበብ ማለት ምን ማለት ነው?

ማንኛውም ፍጥረት ራሱን የሚያባዛበት የተጻፈ መመሪያ በውስጡ አለው። ይህን መመሪያ ዘረመል እንለዋለን። የሰው ዘረመል በሦስት ቢሊዮን ያህል ፊደላት የተጻፈ ሲሆን፣ የፖሊዮ ቫይረስ ግን 7,500 ያህል ፊደላት ብቻ አሉት። ሆኖም እነዚህ ጥቂት ፊደላት ለምርመራ እጅግ ጠቃሚ ናቸው።

ለመረዳት እንዲያመቸን የብራና መጻሕፍትን እናስብ። ማተሚያ ቤት ከመምጣቱ በፊት ቅዱሳት መጻሕፍት የሚባዙት በእጅ ጽሑፍ ነበር። ጸሐፊው ምንም ቢጠነቀቅ አንዳንድ ፊደል ይስታል፤ ከእርሱ ቅጂ የሚገለብጠውም ያንኑ ስሕተት ይወስዳል፣ የራሱንም ይጨምራል። በመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ የጥንት ቅጂዎችን ታሪክ የተማረ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ሊቃውንቱ በቅጂዎች ላይ ያሉትን ልዩነቶች በማነጻጸር የትኛው ከየትኛው እንደተገለበጠ ይለያሉ። ሁለት ቅጂዎች በአንድ ቦታ አንድ ዓይነት ስሕተት ካላቸው ከአንድ እናት ቅጂ የመጡ መሆናቸውን ይገምታሉ።

የቫይረስ ዘረመል ንባብም በዚሁ መንገድ ይሠራል። ቫይረሱ ከሰው ወደ ሰው ሲያልፍ ራሱን ይገለብጣል፤ ሲገለብጥም ፊደል ይስታል። ሊቃውንቱ በተለይ የሚያነቡት የቫይረሱን ውጫዊ ልብስ የሚሠራውን፣ 900 ያህል ፊደላት ያሉትን ክፍል ነው። ይህ ክፍል በየዓመቱ 1 በመቶ ያህል፣ ማለትም 9 ፊደላት ገደማ ይለወጣል። እንግዲህ ይህ እንደ ሰዓት ያገለግላል። አንድ ቫይረስ ከታወቀ እናት ቫይረሱ በ18 ፊደላት ተለይቶ ከተገኘ ለሁለት ዓመት ያህል ከልጅ ወደ ልጅ ሲተላለፍ ቆይቷል ማለት ነው።

ከዚህ የሚበልጥም ነገር ይገኛል። አንዳንድ ጊዜ የቅርብ ዘመድ የሌለው ቫይረስ ይገኛል። ባለሙያዎቹ «ወላጅ አልባ» ይሉታል። እንዲህ ያለው ቫይረስ የሚናገረው አሳዛኝ ነገር ነው፦ በሆነ ቦታ ለረጅም ጊዜ ሲዘዋወር ነበር፤ የለመሹ ልጆችም ነበሩ፤ ነገር ግን ማንም አላየም፣ ማንም አልተናገረም። የተደበቀው ልጅ ዝም ቢል እንኳ የቫይረሱ ፊደላት ይመሰክራሉ።

በአገራችን የታየው ምስክርነት

በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 2001 በኋላ ለአራት ዓመት ያህል የፖሊዮ ሕመምተኛ አልታየም ነበር። ነገር ግን በዲሴምበር 2004 በትግራይ አንድ ሕፃን ለመሸ። ከዚያም በሽታው በአማራና በኦሮሚያ ክልሎች ታየ። ዋግ ኽምራ በትግራይ ወሰን ላይ ያለ ዞን ነውና ይህ ለሰቆጣ ሰው የሩቅ ወሬ አልነበረም። ታዲያ ቫይረሱ ከየት መጣ? አራት ዓመት ሙሉ እዚሁ ተደብቆ ኖሮ ነውን?

የዘረመሉ ንባብ መልሱን ሰጠ። ቫይረሱ የመጣው ከጎረቤት ሱዳን ነበር፤ የሱዳኑም ዘር ወደ ሰሜን ናይጄሪያ ያደርስ ነበር። በሰሜን ናይጄሪያ እ.ኤ.አ. በ2003 ክትባቱ ያመክናል፣ በሽታም ያመጣል የሚል ወሬ ተነዝቶ፣ የሃይማኖት መሪዎችም ጭምር ስለደገፉት፣ የካኖ ግዛት ክትባቱን ለወራት አቁሞ ነበር። ዘመቻው በ2004 አጋማሽ የቀጠለው አብዛኛው ሕዝቧ ሙስሊም በሆነባት አገር በኢንዶኔዥያ የተመረተ ክትባት ተመርምሮ ከቀረበላቸው በኋላ ነው። እስከዚያው ግን ቫይረሱ ድንበር ተሻግሮ ከፖሊዮ ነጻ ወደነበሩ ብዙ አገሮች ደረሰ።

ወገኖች ሆይ፣ ይህን ታሪክ በጥሞና እንመልከት። በካኖ በመድረክ ላይ የተነገረ ቃል በሺህ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ርቆ በትግራይ ያለን ሕፃን እግር ነካ። ይህን የነገረን የሰው ክስ ሳይሆን በሕፃኑ ሰገራ ውስጥ የተገኘው ቫይረስ ፊደል ነው። በመድረክ የምንቆም አገልጋዮች ሁሉ ስለ ክትባት ስንናገር ቃላችን የት ድረስ እንደሚሄድ ከዚህ እንማር። በኮቪድ ዘመንም ክትባትን ከአውሬው ምልክት ጋር የሚያያይዙ ወሬዎች በእኛው ምእመናን መካከል ሲናፈሱ ሰምተናልና ጉዳዩ የሌሎች ብቻ አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ2013 ደግሞ ቫይረሱ በሶማሊያ ተነሣ፤ ወደ ኢትዮጵያ ሶማሌ ክልል ዶሎ ዞንም ተሻገረ። ያን ጊዜም ዘረመሉ ሲነበብ የዘሩ ምንጭ ምዕራብ አፍሪካ ሆኖ ተገኘ። በኢትዮጵያ 10 ሰዎች ለመሹ፤ የመጨረሻው የታመመው በጃንዋሪ 2014 ነው። ከዚያ በኋላ በአገራችን የተፈጥሮው ፖሊዮ አልታየም። በኦገስት 25 ቀን 2020ም የአፍሪካ አህጉር ከተፈጥሮው ፖሊዮ ነጻ መሆኑ ተረጋግጧል።

«ከክትባቱ የሚመጣ ፖሊዮ አለ» ይባላል፤ እውነት ነውን?

ይህን ጥያቄ ሸፋፍኖ ማለፍ አይገባም። በአፍ የሚሰጠው ጠብታ በውስጡ ያለው የተዳከመ ሕያው ቫይረስ ነው። ልጁ ከተከተበ በኋላ የተዳከመው ቫይረስ በሰገራው ይወጣል። አብዛኛው ልጅ በተከተበበት መንደር ቫይረሱ የሚራባበት ስለማያገኝ በዚያው ይጠፋል። ብዙ ልጆች ባልተከተቡበት ቦታ ግን ከልጅ ወደ ልጅ ለወራት እየዞረ፣ ፊደል እየለወጠ፣ በመጨረሻ የማለመሽ ኃይሉን ሊመልስ ይችላል።

ይህንንም የምናውቀው በዘረመል ንባብ ነው። ሁለተኛው ዓይነት የሚባለው የክትባት ቫይረስ በተጠቀሰው ክፍል 6 ወይም ከዚያ በላይ ፊደላት ተለውጠውበት ከተገኘ ከክትባት የመነጨ ፖሊዮ ቫይረስ ተብሎ ይመዘገባል። እ.ኤ.አ. በ2019 በሶማሌ ክልል ዶሎ ዞን በቦኽ ወረዳ እንዲህ ያለ ቫይረስ ተገኝቶ ሲነበብ በሶማሊያ ሲዘዋወር ከነበረው ጋር ዘመድ ሆነ። ከዚያ ወዲህም ይህ ዓይነቱ ፖሊዮ በሌሎች የአገራችን ክፍሎች ታይቷል፤ እርሱን ለመከላከል በ2025ም የክትባት ዘመቻ ተካሂዷል።

መፍትሔው ታዲያ ክትባትን መተው ነውን? አይደለም፤ ጉዳዩ የተገላቢጦሽ ነው። ቫይረሱ ኃይሉን የመለሰው ክትባት በበዛበት ሳይሆን ክትባት በጎደለበት ነው። ሊቃውንቱም ያነበቡትን ዘረመል ተጠቅመው፣ ቫይረሱ ኃይሉን የሚመልስባቸውን ቦታዎች ለይተው አጠናክረው አዲስ ጠብታ ሠርተዋል። ይህ አዲስ ክትባት እ.ኤ.አ. ከማርች 2021 ጀምሮ በሥራ ላይ ውሏል።

ከሰቆጣ ደጋ እስከ ላቦራቶሪ፦ አሥራ አራቱ ቀናት

ይህ ሁሉ ንባብ የሚጀምረው ከአንድ ትንሽ ነገር ነው፤ ከታመመው ልጅ ሰገራ። ከ15 ዓመት በታች የሆነ ማንኛውም ልጅ እጁ ወይም እግሩ ድንገት ከዛለ፣ በ24 ሰዓት ልዩነት ሁለት ጊዜ ናሙና ይወሰዳል። መጠኑም የአዋቂ ሰው አውራ ጣት ያህል ቢሆን ይበቃል። መዛሉ ከጀመረ በ14 ቀናት ውስጥ መወሰድ ይኖርበታል፤ ከዚያ በኋላ ቫይረሱ ከሰገራው እየጠፋ ይሄዳልና። ከዚያም ከ2 እስከ 8 ዲግሪ በሚደርስ ቅዝቃዜ ተጠብቆ በአዲስ አበባ ወደሚገኘው የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ይላካል። ቫይረስ ከተገኘ ዘረመሉ በዓለም አቀፉ የፖሊዮ ላቦራቶሪዎች መረብ ይነበባል።

እስቲ ይህን በዋግ ኽምራ መልክዓ ምድር ላይ እናስበው። ሰቆጣ ከአዲስ አበባ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። ወደ ተከዜ ሸለቆ በሚወርዱት በዝቋላ፣ በሰሃላና በአበርገሌ ወረዳዎች፣ በዳህናም ተራሮች ከአንዳንድ ቀበሌ እስከ መኪና መንገድ በእግር ወይም በበቅሎ ነው የሚኬደው። እ.ኤ.አ. ከ2020 እስከ 2022 በነበረው ጦርነትም የዞኑ አንዳንድ ወረዳዎች ከጤና አገልግሎት ተቋርጠው፣ ብዙ ሕዝብ ወደ ሰቆጣ ተፈናቅሎ ነበር። እንዲህ ባለ ቦታ 14 ቀን እጅግ አጭር ጊዜ ነው።

ከቀናቱ ላይ ደግሞ እኛ ራሳችን እንቀንሳለን። ቤተሰቡ ልጁን መጀመሪያ ወደ ወጌሻ ይወስደዋል፤ ወጌሻው ወለምታ ነው ብሎ ያሸዋል። ቀጥሎ ለጸሎት ወደ እኛ ያመጡታል፤ እኛም ሳምንት እንጾምለትና «ተፈውሷል፣ ወደ ሐኪም መሄድ አለማመን ነው» የሚል ሰው ከመካከላችን አይጠፋም። ሦስተኛው ሳምንት ሲገባ ናሙናው ምንም ላይናገር ይችላል። የአንዱ ልጅ እግር ቀድሞውኑ ተጎድቷል፤ የባከነው ግን የሌሎቹን ልጆች እግር ሊያተርፍ ይችል የነበረው ማስረጃ ነው።

ጸሎትና ሪፖርት አይጣሉም። በዘሌዋውያን ምዕራፍ 13 ካህኑ የታመመውን ሰው እንዲያይ፣ ሰባት ቀን እንዲያቆይ፣ ዳግመኛም እንዲያይ ታዝዟል። ማየት፣ ቀን መቁጠርና ማሳወቅ የአገልግሎቱ ክፍል ነበር። ዛሬ በደጋው ቀበሌ የለመሸውን ልጅ ቀድሞ የሚያየው ምናልባት የጸሎት ቤቱ ሽማግሌ ወይም የሰንበት ትምህርት ቤት አስተማሪዋ ትሆናለች። እጅ ጭነው ይጸልዩ፤ በዚያው ቀን ደግሞ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን ይጥሩ።

ከልምሻ ባሻገር፦ ምች፣ አልማዝ ባለጭራና የመርሳት በሽታ

ፖሊዮ አንድ ሌላ ነገርም አስተምሮናል። በልጅነታቸው ለምሸው በከፊል ያገገሙ አንዳንድ ሰዎች ከ15 ወይም ከ30 ዓመት በኋላ እንደገና ድካም፣ ሕመምና የጡንቻ መዛል ይጀምራቸዋል። ምክንያቱም የተረፉት የነርቭ ሕዋሳት የሞቱትን ባልንጀሮቻቸውን ሥራ ደርበው ለብዙ ዓመታት ስለተሸከሙ ነው። በጉባኤያችን እንዲህ ያሉ ወንድሞችና እኅቶች ካሉ ድካማቸው ስንፍና አይደለም፤ የቀድሞው «መንፈስ» ተመልሶባቸውም አይደለም።

እንግዲህ የልጅነት ቫይረስ ከአሥርተ ዓመታት በኋላ ነርቭን የሚያደክም ምልክት ትቶ የሚያልፍ ከሆነ፣ በእርጅና የሚመጡት የአንጎል በሽታዎችስ ከቫይረስ ጋር ግንኙነት ይኖራቸው ይሆን? ብለው ሊቃውንት ጠየቁ። በከንፈር ላይ ምች የሚያወጣው ቫይረስ ከተያዝን በኋላ ከነርቭ ውስጥ አይጠፋም፤ ተኝቶ ይቆያል። የልጅነት ጉድፍ ቫይረስም እንዲሁ ተኝቶ ቆይቶ በእርጅና አልማዝ ባለጭራ ሆኖ ይነሣል። እ.ኤ.አ. በ1997 በእንግሊዝ ማንቸስተር ሩት ኢትዛኪና ባልደረቦቻቸው የምች ቫይረስ በአንጎል ውስጥ መገኘቱ የአልዛይመር ሥጋትን የሚጨምረው ኤፖኢ-4 የተባለውን የጂን ዓይነት በያዙ ሰዎች ላይ መሆኑን ዘገቡ። በ2022 ደግሞ ከ10 ሚሊዮን በላይ የአሜሪካ ወታደሮችን መዝገብ የመረመረ ጥናት፣ ኤፕስታይን-ባር በተባለው ቫይረስ መያዝ መልቲፕል ስክሌሮሲስ ለተባለው የነርቭ በሽታ ያለውን ሥጋት 32 እጥፍ እንደሚያሳድግ አሳየ። በ2025ም በዌልስ በተደረገ ጥናት የአልማዝ ባለጭራ ክትባት የማግኘት ዕድል የተከፈተላቸውና የተከተቡት አረጋውያን በሰባት ዓመት ውስጥ የመርሳት በሽታ የያዛቸው ካልተከተቡት በ20 በመቶ ያህል ያነሰ ሆኖ ተገኘ።

እዚህ ላይ የሰው ዘረመል ለምን እንደሚያስፈልግ እንመልከት። አንድ ሽማግሌ ምች ቢወጣበትና በኋላ ቢረሳ፣ አንዱ ሌላውን አመጣው ማለት አይቻልም፤ ድህነት፣ የስኳር በሽታ ወይም ዕድሜ ሁለቱንም አምጥቶ ሊሆን ይችላል። ጂናችን ግን ገና ስንፀነስ፣ ሀብትም ልማድም ሳይኖረን፣ ዕጣ እንደ መጣል ሆኖ የደረሰን ነው። ስለዚህ ሊቃውንቱ ለቫይረስ የሚያጋልጥ ጂን ዕጣ የደረሳቸውን ብዙ ሺህ ሰዎች ካልደረሳቸው ጋር ያነጻጽራሉ። የቀድሞዎቹ በእርጅና ይበልጥ የሚረሱ ከሆነ ቫይረሱ ተባባሪ ሳይሆን ምክንያት ነው የሚለው ሐሳብ ይጠናከራል። ነገሩ ገና በምርመራ ላይ ነው። ምች የወጣበት ሁሉ ይረሳል ማለት ፈጽሞ አይደለም፤ ከዓለም ሕዝብ አብዛኛው ይህን ቫይረስ ይዞ በሰላም ይኖራልና።

የእኛስ ዘረመል?

በእነዚህ ታላላቅ ጥናቶች ውስጥ የሚገኙት አብዛኞቹ ሰዎች የአውሮፓ ዘር ያላቸው ናቸው። ይህም ጉድለት አለው። በናይጄሪያ ኢባዳን በአረጋውያን ላይ በተደረገው የብዙ ዓመታት ጥናት፣ ኤፖኢ-4 በአውሮፓውያን ላይ የሚያሳየው ኃይል በዮሩባዎች ላይ ደክሞ ታይቷል። ከሌላው የተገኘ መልስ ሁልጊዜ ለእኛ አይሆንም። በኢትዮጵያ በ2021 የታተመ አንድ ጥናት ከ68 ብሔረሰቦች የተውጣጡ 1,214 ኢትዮጵያውያንን ዘረመል መርምሯል፤ ይህ ለታሪክ ጥናት ትልቅ ነው፣ ለበሽታ ጥናት ግን በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሰው ያስፈልጋል።

ታዲያ አንድ ቀን አጥኚዎች ወደ ሰቆጣ መጥተው ምራቅ ወይም ደም ቢጠይቁ ምን እንበል? ወሬ ፈርተን መሸሽም፣ ሳንጠይቅ መስጠትም ተገቢ አይደለም። እንጠይቅ፦ ጥናቱን የፈቀደው የትኛው የሥነ ምግባር ኮሚቴ ነው? ናሙናው የት ይቀመጣል? ስማችንስ ይጠበቃል? ውጤቱን በምንረዳው ቋንቋ፣ በአማርኛ ወይም በኽምጣና፣ ትነግሩናላችሁ? እምቢ ብንል ሕክምና ይቀርብናል? ተገቢ መልስ ከሰጡ መሳተፍ ለልጆቻችን ልጆች የሚተርፍ በጎ ሥራ ነው።

«በዘር ነው ከተባለ ልጃችንን ማን ያገባታል?» የሚለው ፍርሃትም መልስ አለው። በወላይታ የእግር ዝሆኔን በተመለከተ በ2012 የታተመ የዘረመል ጥናት፣ በሽታው ለአንዳንድ አፈር በባዶ እግር መጋለጥና ተጋላጭ የሚያደርግ ጂን ሲገናኙ የሚመጣ መሆኑን አመለከተ። በጂን የተጋለጠም ሰው ከልጅነቱ ጫማ ቢያደርግና እግሩን ቢታጠብ ሊጠበቅ ይችላል። ጂን ፍርድ አይደለም፤ ጥንቃቄ የሚያስፈልገውን ሰው የሚያሳይ ምልክት ነው።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

1. ከ15 ዓመት በታች የሆነ ልጅ እጁ ወይም እግሩ ድንገት ቢዝል፣ ወለምታ ቢመስልም እንኳ፣ በዚያው ቀን ለጤና ባለሙያ እናሳውቅ።

2. እግሩን ከማሸትና መርፌ ከማስወጋት እንቆጠብ፤ ሐኪም እስኪያየው ድረስ ልጁን እናሳርፈው።

3. የክትባት ዘመቻ ሲመጣ ከእሑድ አምልኮ በኋላ በማስታወቂያ እንናገር፤ የራሳችንን ልጆች አስቀድመን እናስከትብ። መደበኛውን ክትባት የጨረሱ ልጆችም በዘመቻው ጠብታውን ይውሰዱ።

4. ውኃ እናፍላ ወይም እናክም፤ በመጸዳጃ ቤት እንጠቀም፤ እጃችንን በሳሙና እንታጠብ። የቫይረሱ መንገድ ይኸው ነውና።

5. ልጁ የለመሸበትን ቤተሰብ እንጎብኝ እንጂ አንመርምር። ለልጁም የትምህርት ቤት መንገድና ክራንች እንፈልግለት።

6. የሚረሱትን አረጋውያን ርኩስ መንፈስ አለባቸው ብለን አንገሥጻቸው፤ ወደ ሐኪም እንውሰዳቸው፣ የሚጠብቃቸውንም ልጅ በተራ እናሳርፈው።

መጽሐፍ ቅዱስ ስለ ሜምፊቦስቴ ሲናገር እግሩ የሰለለበትን ምክንያት በግልጽ ጽፎታል፤ አምስት ዓመቱ ሳለ ሞግዚቱ ይዛው ስትሸሽ ወደቀ (2 ሳሙ. 4፥4)። የማን ኃጢአት እንደሆነ አልተመረመረም። ከዚያ በኋላ የተጻፈው ንጉሥ ዳዊት ፈልጎ አስመጥቶት በማዕዱ እንዳስቀመጠው ነው (2 ሳሙ. 9)። ምክንያቱን በእውነት ማወቅና ሰውየውን በክብር መቀበል፣ ሁለቱም ከእኛ ይጠበቃሉ። የቫይረሱን ፊደል የሚያነቡ ሊቃውንት አሉ፤ በደጋው ጎጆ የተኛውን ልጅ በጊዜ አይቶ የሚናገርለት ግን እናንተ ናችሁ።

ጌታ ማስተዋልን ይስጠን።